የመጨረሻው ቁራጭ

ጥር 7
ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ባለቤቴ ዓይኑ ከደከመ በኋላ መጽሐፍ አነብለት ነበር። በመጨረሻው ሰሞን ታከተኝና ገጽ እየዘለልኩ አነበብኩለት። “ሰውዬው ከወንድሙ ጋር መቼ ታረቀ?” አለኝ። “እንቅልፍ ወስዶህ ነበር” አልኩት። አመነኝ... አምኖኝ ይሆን? መጽሐፉ ባለቀ በሳምንቱ ሞተ።

ሌላው እንደወትሮው። የዓይነ ስውራን ንባብ ክፍል መጽሐፍ ስተይብ ዋልኩ። ወገቤ።

ጥር 9
ንባብ ክፍሉ የሚመጡት ዓይነ ስውሩ ልብስ ሰፊ ዛሬም አማረሩ። የምተይበውን መጽሐፍ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ይቆራርጠዋል፤ ማሽኗ ቁራጭ ቁራጩን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ከረዘመ አትችልም። ግን መስመር ቆጥሮ ነው የሚቆርጠው። ወሬው መሃል ላይ ጸጥ።

“እህቴ፣ ይቺ ማሽንሽ ሊያስነጥሰው ብሎ እንደቀረ ሰው ታደርገኛለች። እኔ ጨርቅ ስቆርጥ እጅጌው መሃል ላይ አቁሜ አውቃለሁ?”

“ኧረ አያውቁም፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ንገሪያታ።”

ለባለቤቴ እህት ልጅ ደወልኩ። ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ ናት።

“እትዬ፣ ራስሽ አንድ ምርጫ ጨምሪበት። አንቀጽ ሲያልቅ ይቁረጥ። ከተበላሸ እኔ አለሁ።”

እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ማንበብንም ያለ አስተማሪ ነው የለመድኩት... መጽሐፎቿን እየተዋስኩ የፕሮግራም ኮድም ትንሽ ትንሽ ይገባኛል። ትንሽ።

ጥር 14
ጨመርኩ። “በአንቀጽ” ብዬ ሰየምኩት። ኮምፒውተሩ ትእዛዝ በሚቀበልበት ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዙን ጻፍኩ፣ ከኋላው “በአንቀጽ” አልኩ... መጽሐፉ እንደ ሽንኩርት ተከተፈ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ቁራጭ።

የእህቱ ልጅ መጥታ አይታ ሳቀች። “መስመር ባለቀ ቁጥር ወደ ታች ማውረጃውን ቁልፍ ትጫኛለሽ እንዴ?”

“ታይፕራይተር ላይ እንደዚያ ነበር።”

“እትዬ፣ ታይፕራይተሩ ከተሸጠ ስንት ዓመቱ። ጣቶችሽ አልሰሙም።”

ፕሮግራሙ መስመሩ ሁሉ አንቀጽ መስሎታል። በአንቀጾች መሃል የምተወውን ባዶ መስመር ሲያገኝ ብቻ እንዲቆርጥ አደረግኩት። ሠራ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደክሞኛል።

ጥር 15
ምንም አልጻፍኩም፣ ተኛሁ።

ጥር 18
ልብስ ሰፊው ሲሰሙ ዋሉ። አንዴም አላማረሩም። ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቁ።

“እና ልጅቷ አባቷ ቤት ሳትመለስ ቀረች?”

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተመልሳለች። የተየብኩት እኔ ነኝ። ከመጨረሻው አንቀጽ በኋላ ግን ባዶ መስመር የለም። ፕሮግራሙ ያንን ሲጠብቅ ፋይሉ አለቀበት፤ የያዘውን ቁራጭ ሳያወጣ ጣለው።

“አዎ፣ ቀረች” ብላቸው ያምኑኛል። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ቦርሳዬንም አንስቻለሁ፣ እግሬም አብጧል...

“ጋሼ፣ አላለቀም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የቀረ አለ።”

“እሱን ቀደም ብለሽ አትናገሪም? ልጅቷን በከንቱ ስረግማት።”

ተቀምጬ አነበብኩላቸው። “ማሽኗ ትሻላለች” አሉኝ። እስኪያልቅ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ጥር 19
አስተካከልኩት። አሁን ፋይሉ ሲያልቅ በእጁ የቀረውን ሁሉ ያወጣል።

የእህቱ ልጅ ነገ ኮዱን ልታይ ትመጣለች። አጎቷን እንደ አባት ነበር የምትወደው። በቀብሩ ቀን “መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ሰማው?” ብላ ጠይቃኝ “አዎ” ብያታለሁ። ያ መልስ አጽናንቷት ነበር። ትቀየመኝ ይሆናል... ትቀየመኝ። እነዚህን የማስታወሻዬን ገጾች የምሰጠው ለእሷ ነው።