ስምህን ይዘው የመጡ ሽማግሌዎች

ይድረስ ለአስፋውዬ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን አለህ አልልህም፤ አንተስ አርፈሃል፤ እርር ድብን የምለው እኔ ነኝ።

እዚህ ኮሎራዶ፣ ሎውሪ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደተውከው ነው። ወንድ ብለን ያሳደግናት ልጃችን ሴት ነኝ ብላ የነገረችን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሦስት ቀን አኩርፈህ፣ በአራተኛው ቀን ስሟን ራሷ ታውጣ፣ የኔን ግን እንዳትጥለው አልክ። አልጣለችውም። ሜሮን አስፋው ናት።

ከፋሲካ በኋላ ከሥራ ተባረረች። ያባረራት ማን መሰለህ? ክርስትና ያነሳት የልብ ወዳጅህ! ፒዮሪያ ስትሪት ባለው የራሱ የአረጋውያን መጦሪያ አራት ዓመት አዛውንቶቹን ስታጥብና ስታጎርስ እጇ ይባረክ ሲል ኖረ። ባጄ ላይ ሜሮን ተብሎ ይጻፍልኝ ብላ በቀሚስ ስትመጣ ግን፣ እንዲህ ሆነሽ እኔ ጋ አትሠሪም አላት። እኔም የዚያው ቤት ምግብ አብሳይ ነኝና ወጥ ቤት ነበርኩ። በጆሮዬ ሰማሁ፤ ሰምቼም ሽንኩርቴን መክተፌን ቀጠልኩ። ከሱ ይልቅ በራሴ ነው የምናደደው።

በኮሎራዶ ሰውን በጾታ ማንነቱ ከሥራ ማባረር በሕግ የተከለከለ ነው። ሜሮን ለመንግሥት የሲቪል መብቶች ቢሮ አመለከተች። ምስክር አለሽ ወይ ሲሏት የኔን ስም አልጠራችም። ማሚ፣ ጆብሽን ሪስክ አላደርግም፣ ባንቺ እንጀራ አልጫወትም አለችኝ። እናት ሆኜ ልጄ ከለለችኝ!

እሑድ ያ ወዳጅህ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አቤቱታው ይቅር፣ የቤት ገመና አደባባይ አይውጣ፣ ስለ አስፋው አጥንት ብለው ለመኑኝ። አንተም ስንቱን አስታርቀሃል፣ ሽማግሌ መመለስ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሽማግሌ በዳዩን ካስ ይል ነበር፤ እነዚህ የተበደለችውን ዝም በይ ሊሉ ነው የመጡት። ወደ ሥራዋ ይመልሳታል? ብዬ ጠየቅኳቸው። እሱን አልተላክንም አሉኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው።

ሰኞ ጠዋት እዚያው ቢሮ ሄጄ የሰማሁትን በሙሉ መሰከርኩ። ምስክርን ማባረርም ክልክል ነው ብለውኛል፤ ቢያባርረኝም ያባርረኝ። ስፈርም ከወረቀቱ አናት ላይ አመልካች ሜሮን አስፋው የሚለውን አነበብኩ። በስምህ ሲለምኑኝ የነበሩት ሰዎች ስምህ የት እንዳለ አላወቁም።

አልረሳህም፣ አስፋውዬ። ጉዳዩ የሚታይ ቀን ሜሮን አስፋው ተብሎ ሲጠራ፣ እኔም አብሬያት እነሳለሁ።