የአባባን ጨጓራ እንዴት ይጠቅልሉት?

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2006 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

ከሻሽሽ ጫፍ እስከ ተረከዝሽ ስንጥቅ ድረስ እንዴት ነሽልኝ? የሞላሌ ብርድ እንዴት ይዞሻል? በጎቹስ ከእኔ ረብሻ አርፈው ወፈሩ? እኛ ከሽታው በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ ለማንም ሳትሰጪ በዚያች በመሠረተ ትምህርት ፊደልሽ ራስሽ አንብቢው። የቄስ ሆድ ዕቃ ነውና የያዘው፣ ሰፈር አይስማው።

እማዬ፣ የሰው ውስጡ እንዲህ አስቀያሚ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ማንንም አልስምም ነበር። ሌሊት ሌሊት እየተመለሰባቸው የአባባ ትራስ የኮመጠጠ አሬራ ይሸታል። ትናንት ለራጅ ብለው ኖራ የመሰለ ወፍራም ነገር አጠጧቸው፤ ግማሹን በእኔ ሸሚዝ ላይ መለሱት። ዶክተሯ ደግሞ የሌላ ሰው ጨጓራ በቪዲዮ አሳየችን። ያልታጠበ የበግ ጨጓራ በይው፤ ይኼኛው ግን ይንቀሳቀሳል! ምሳዬን ትቼ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆድ አይቀደድም። በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ ያስገቡና፣ አሲዱ ወደ ላይ እንዳይመለስ የጨጓራውን አናት በምግብ ቧንቧው ግርጌ ላይ ይጠቀልሉታል። አጠቃለሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ መቀነትሽ ዙሪያውን ሙሉ ነው። ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ግን ምግብ ያንቃል፣ ማግሳትና ማስመለስም ያስቸግራል። መውጫ ያጣው ነፋስ በየት እንደሚሄድ አንቺው ገምቺ። ሌላው እንደ በርኖስ ነው፣ ከፊት ክፍት ይተዉታል። ለመዋጥ ይቀላል፣ ግሳትም ይወጣል፤ ግን አልፎ አልፎ ጥቂት ሊመለስ ይችላል። ቃሩን በማስቆም ብዙም አይለያዩም አለች። የአባባ ጉሮሮ ግን አቅሙ ደካማ ስለሆነ በርኖሱ ይሻላል ብላ መከረች።

አባባ እምቢ አሉ። "መቀነቱን እሰሪልኝ!" ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። በትንሣኤ የቆረቡት ተመልሶባቸው፣ በነጠላቸው ተቀብለው ካቃጠሉት ወዲህ መቅደስ አልገቡም። "ጠብታም ብትሆን የምትመለስ ከሆነ ለምን እበሳለሁ?" አሏት። ብትለምናቸው፣ ብታስረዳቸው፣ ወይ ፍንክች።

የኔ አፍ መች ያርፋል? "አባባ፣ ጉሮሮዎ ደካማ ነው እየተባለ፣ ቁርባኑ መቀነቱ ላይ ደርሶ ቢቆምስ? ጭቃ እንደያዘው የመሐል ሜዳ አውቶቡስ፣ አይወርድ አይመለስ!" አልኳቸው። ዶክተሯ ፊቷን አዞረች። አባባ በጥፊ ሊሉኝ እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። ከዚያ "በርኖሱን" አሉ።

የሚበሱት ነገ ጠዋት ነው። ማታ ግን ጠሩኝና፣ "አንተ አፈኛ፣ ይኸን የመረጥኩት ባንተ ነገር ነው። ቢመለስብኝ በባዳ ፊት አልችለውም። ጥለኸው የጠፋኸውን ድቁናህን ይዘህ መቅደስ ከጎኔ ትቆማለህ። ብቻዬን ከሆነ አልገባም። ንጽሕናህ እንዳለ ነው አይደል?" አሉኝ። የምራቅ ዕቃቸውን አንስቼ ልድፋ ብዬ ወጣሁ። ባዶ ነበር።

አንድ ነገር አደራ። ወደ እትዬ ጌታነሽ ቤት ጎራ በይና፣ ልጃቸው አማከለች ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሳት ነገር ተሽሏት እንደሆነ እይልኝ። አባባ ሳይሰሙ ዶክተሯን ጠይቄያት ነበር፤ በጥቂት ወር ያልፋል ብላ ሳቀችብኝ።

እመቤቴ ጉልበትሽን ታጽናልኝ፤ አባባንም በእግራቸው ቤታቸው ታግባልሽ። እኔን ግን ስመጣ ሰው ፊት አትቆጪኝ።

አፈኛው ልጅሽ