ማሲንቆውን ያውርዱት

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ታደሰ፦

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለው? ያ ሳል ተወዎት? ወንድሜ ጋሻው ደህና ናቸው ብሎ ጽፎልኛል፤ እሱ ግን አልጋ ላይ ቢውሉም ደህና ናቸው ከማለት አይመለስምና ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። እኛ ጤና ነን፤ ናፍቆት ካልገደለን በቀር።

ዛሬ የማጫውትዎ ሳን ሊያንድሮ በምትባል ጎረቤት ከተማ በደመወዝ ስለማስታምማት አሮጊት፣ ስለ ኦፓል ነው። ወይዘሮ ብላት ስለምትቆጣ በስሟ ነው የምጠራት። ኬንታኪ የሚባል ክፍለ ሀገር የተራራ ልጅ ናት፤ አባቷ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። ብሉግራስ የሚሉት የገጠር ዘፈን አላቸው፤ በቫዮሊንና ባንጆ በሚሉት ክራር መሰል መሣሪያ ይጣደፋል፣ ዜማው ግን ሆድ ያባባል። በልጅነቷ ሴት በሰው ፊት ቫዮሊን መጫወቷ ነውር ነበርና ጋጣ ውስጥ ተደብቃ ተማረች። ኋላ ወንዶቹን ከኋላዋ አሰልፋ ባንድ በመምራት በአገሯ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በሬዲዮ የሚሰሟት ሰዎች ይሄ ወንድ ነው ብለው ይወራረዱ ነበር አሉ። እኛን አዝማሪ እያሉ እንደሚንቁን፣ እሷም ንቀቱን ቀምሳዋለች።

አንድ ቀን የድሮ ካሴቷን ስታሰማኝ እንባዬ መጣ። ምን ሆንሽ ብትለኝ፣ እኔንም አባቴ ያሳደጉኝ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ እየሳቡ ነው አልኳት። ደስታዋን ባዩት። አሁንም ይጫወታሉ ወይ ስትለኝ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ማሲንቆውን ሰቅለውታል አልኳት።

 ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ጣቶቿ በቁርጥማት ተጣመዋል። ለካ ባሏ ሲሞት እሷም ቫዮሊኗን ሰቅላ ነበር። ሀዘኑ ይውጣልኝ ብላ ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ፣ ባወረደችው ቀን ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ ሀዘን የትም አይሄድም፣ እጅ ግን አይጠብቅም አለችኝ። 

አባባ፣ ለእማማ ብለው እንደሰቀሉት አውቃለሁ። ግን ገና ጭራውን ሲቃኙ ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደግፋ የምትሰማዎ እሷ አልነበረችም? ስልክ ስደውል ድምፅዎ ይቆራረጥብኛል፤ ማሲንቆዎን ከሰማሁማ ቆየሁ። እባክዎ ያውርዱትና በካሴት ቀድተው ይላኩልኝ። ይህን ሲያነቡ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፤ ይቆጡኝ፣ ከዝምታዎ ይሻለኛል።

ለጋሻውና ለባለቤቱ ለጽጌ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። ልጄ እድላዊት አማርኛ እየሰማች በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲያም ሆኖ ጉልበትዎን ስማለች። ቴፑን ጋሻው ይያዝልዎት። እጅዎ ቢንቀጠቀጥ ተበላሸ ብለው አያቋርጡ፤ እኔን የናፈቀኝ እጅዎ ነው።

ልጅዎ መንበረ
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.