ከመስኮት ስድስት እስከ መስኮት ሰባት

ይድረስ ለተከበሩ ፕሮፌሰር በዛብህ፣ የስታትስቲክስ መምህርና የድኅረ ምረቃ ቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቅበላ መስፈርትዎ የማይነቃነቅ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። ፈየራ እባላለሁ፤ አቃቂ በአንድ ክር ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት በመካኒክነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ጋዲሴ ኮዬ ፈጬ ሒሳብ ታስተምራለች፤ እርስዎ ዘንድ ለመማር ካመለከተች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። ምዝገባው የፊታችን ዓርብ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤቷ የሰጣት የትምህርት ፈቃድም ለዘንድሮ ብቻ ነው።

የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩትን መልእክት በስሌትና በኮምፒውተር እንደሚያጠኑ ከእሷ ሰምቻለሁ። አንዱ ሴል ለጎረቤቱ መልእክት ለማድረስ ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ እንኳ አይፈጅበትም አሉ። እሰይ! ይህን ሳልሰማ ባለመሞቴ ፈጣሪን እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ መስፈርትዎ፣ የትምህርት ማስረጃ ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ታሽጎ በፖስታ ቤት በኩል ይምጣ ይላል። ጋዲሴ የተመረቀችው ከዚያው ከእርስዎ ግቢ ነው። ማስረጃው የሚወጣው ከመስኮት ስድስት፣ የሚገባው ደግሞ በመስኮት ሰባት ሲሆን፣ በሁለቱም መስኮት የሚያስተናግዱት ባለጎማ የቢሮ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚንሸራተቱት ወይዘሮ ዕፀገነት ብቻ ናቸው። በስድስት ፈርመው፣ አሽገው ወደ ፖስታ ቤት ላኩ፤ በሰባት ሆነው ይኸው አምስት ሳምንት ሙሉ አልደረሰንም ይላሉ። በራሳቸው ፊርማ እንኳ የማይታለሉ ሠራተኛ ስላሉዎት እንኳን ደስ አለዎት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው።

፪ኛ/ ሌላ ቅጂ ይውጣና እኔው ላቀብል ብዬ ከአቃቂ በሁለት ታክሲ ተጋፍቼ ሦስት ጊዜ መጣሁ። ማስረጃ በባለጉዳይ እጅ አይያዝም ተባልኩ። ወይዘሮ ዕፀገነት በአክብሮት ተቀብለው፣ በአክብሮት ባዶ እጄን ሸኙኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

፫ኛ/ ሦስተኛ ቅሬታ የለኝም። ቁጥሩን የጻፍኩት አልተሟላም ተብዬ እንዳልመለስ ነው።

ቀልዱን ልተወውና፣ ልጄ ተስፋ እየቆረጠች ነው፤ ይህ አንጀቴን ይበላኛል። እኛ ፋብሪካ ክር ሲበጠስ ማሽኑን አቁመን ሁለቱን ጫፍ እንቋጥር ነበር እንጂ ለአንድ ቋጠሮ ፖስታ ቤት ሄደን አናውቅም። እባክዎ፣ ወይዘሮ ዕፀገነት ከዓርብ በፊት ሌላ ቅጂ አሽገው እንደያዙ ወንበራቸውን አንድ ጊዜ ገፋ እንዲያደርጉ ይዘዙልኝ።

ከአንጎል ሴል የዘገየ፣ ከፖስታ ቤት ግን የፈጠነ መልስ በጉጉት የምጠብቅ፣
ዘወትር አክባሪዎ ፈየራ፣ ከአቃቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምና ለጥናትዎ ፈቃደኛ ሰው ሲፈልጉ፣ ጋዲሴ ሽቦ የተያያዘበት ቆብ አጥልቃ ሦስት ቅዳሜ ላቦራቶሪዎ ውስጥ መቀመጧን ያስታውሱ ይሆናል። ያን ጊዜ ማስረጃም፣ ማኅተምም የጠየቃት አልነበረም። እንግዲህ ጭንቅላቷን ከተቀበሉት ዓመት ሆኖታል፤ ውጭ የቀረችው ባለቤቲቱ ናት።