ከሁለቱ ሰዓቶች የትኛውን

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለፌንጣዬ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ዕለት ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍሽን አይቼ ባለሁበት ቀጥ ብል፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው «ምነው፣ መርዶ ነው እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ ልጄ ናት» አልኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ ወሬሽን ከአጎትሽ አፍ ስለቃቅም ኖሬ፣ አንቺው ራስሽ ስትጽፊልኝ ምን ልሁን? ቁጭ ብዬ አራት ጊዜ አነበብኩት። ማንበቡ አልከበደኝም፤ ያለችው ስድስት መስመር ናት።

«አባዬ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ካፒቴን ሆኜ ልበር ነው። ለዚሁ ብዬ የመጀመሪያዬን ክሮኖግራፍ ሰዓት ልገዛ ነው፣ በባትሪ የማይሠራውን። ሁለት የአብራሪ ሰዓቶች መርጬ አንድ ሆኑብኝ። ፎቶአቸውን ልኬልሃለሁ። የትኛው ይሻላል? መቼም የሚያድስልኝ አንተ ነህ።» ስለ ጤናዬ አልጠየቅሽም። አልፈርድብሽም።

ፎቶዎቹን አየኋቸው። ሁለቱም ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ቁጥር፣ በጎን በኩል ሁለት ቁልፍ አላቸው፤ አንዱ የሰከንድ መቁጠሪያውን የሚያስነሳና የሚያቆም፣ ሌላው ወደ ዜሮ የሚመልስ። መንታ ናቸው። ዕድሜዬን ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና፣ በፎቶ ሰዓት መምረጥ በፎቶ ሚስት ማግባት ነው ብዬ፣ ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ መሃል ከተማ ካለው ትልቁ የሰዓት መደብር ሄድኩ።

ሻጯ ጨዋ ልጅ ናት። ሁለቱንም አውጥታ ጨርቅ ላይ አኖረችልኝ።

«ለወንድ ልጅዎ ነው አባባ?»

«ለሴት ልጄ። አብራሪ ናት» አልኳት።

ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ ዛሬ የጠየቀኝን ሁሉ «ራቅ ያለ ቦታ ትሠራለች» እያልኩ ነው የኖርኩት።

«ውይ፣ ደስ ሲል! ምን ዓይነት አውሮፕላን ነው የምታበረው?»

አላውቅም። አፌ ግን ቀደመኝና «ትልቁን» አልኳት።

«የእጇ አንጓስ? ቀጭን ናት?»

እሱንም አላውቅም። እኔ የማውቀው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት እጅሽን ነው። ዓይኔን ወደ ሰዓቶቹ ስመልስ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ የራሷን እጅ ዘረጋችልኝ። ማሰሪያውን እሷው አሰረችው፤ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነበር።

አንደኛው አውቶማቲክ ነው፤ እጅሽ ሲንቀሳቀስ ራሱን ይሞላል። ግን ወፍራም ነው፣ የሸሚዝ እጅጌ ሥር አልገባ ብሎ ያስቸግራል። ቁልፉም እልኸኛ ነው፤ ስትጫኚው መጀመሪያ ይግደረደርና ድንገት ቷ ይላል። መቁጠሪያው ሲነሳም እንደ ደነገጠ ሰው ብድግ ብሎ ነው። ሁለተኛው በየማለዳው በእጅሽ የምትሞዪው ነው። ቀጭን ነው፤ ቁልፉ ቅቤ ነው። ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ብዙ አደመጥኩት፤ ምቱ ልቅም ያለ ነው። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «አባት፣ እዚህ እኮ ሰዓት ይሸጣል እንጂ አይመረመርም» ሲለኝ ልጅቷም እኔም ሳቅን።

በእጅ የሚሞላውን ግዢ። ሌላም ምክንያት አለኝ። የውስጥ ዕቃው የተለመደ ስለሆነ፣ የትም ብታርፊ አንድ ደህና ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ሊያድስልሽ ይችላል። ያኛውን ግን ወደ ፋብሪካው ካልላክሽ የሚነካልሽ የለም። «የሚያድስልኝ አንተ ነህ» ማለትሽ ደስ ብሎኛል። ቢሆንም እዚያው አካባቢሽ ሰው ፈልጊ። የእኔ ሱቅ ለጊዜው ዝግ ነው፤ ቀለም እየተቀባ ነው። ካቻቢቴዎቼንና ወረንጦዎቼንም የታችኛው ሰፈር ሰዓት ሠሪ ተውሶኛል። ልብስ ሰፊው ደግሞ ቆጥቋጣ ሆኗል፤ ሻይ ሲያመጣልኝ ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ ነው የሚሞላው። ጽሑፌ ከተወላገደብሽ እስክሪብቶው ነው እንጂ እጄ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሰዓቱን ጉዳይ ብቻ ብጽፍልሽ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ዓርብ ባለቀ ነበር።

የበረራ ትምህርት ቤቱን ፈተና ያለፍሽ ጊዜ፣ የወላጅ ፊርማ የሚጠይቀውን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠሽልኝ ነበር። በማግስቱ ጠፋ። ቤቱን ገለባበጥሽው። አልጋ ሥር ገባሽ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ወለል ላይ ደፋሽ። እኔም አብሬሽ ፈለግሁ። «ረጋ በዪ፣ ይገኛል» እያልኩ መጽሐፎቹን አንድ በአንድ አራገፍኩ። የምዝገባው ቀን አለፈ።

ወረቀቱ አልጠፋም ነበር ልጄ። የማይሠሩ ሰዓቶች የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ነበር። እኔ ነበርኩ ያስገባሁት። እናትሽን ከቀበርን ዓመት አልሞላንም ነበር፤ አንቺን ደግሞ ለሰማይ መስጠት አቃተኝ። ይህ ምክንያት ነው እንጂ ይቅርታ የሚያሰጥ አይደለም፤ አውቃለሁ።

የከፋው ገና ነው። ያን ዓመት ሱቅ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠሽ ሰዓት ማጽዳት ተማርሽ። ብሎን ሲያመልጥሽ ምላስሽን ነክሰሽ ወለሉን ትዳብሺ ነበር። ነዝናዛ ደንበኛ ሲመጣ በጠረጴዛው ሥር በእግርሽ ትጎስሚኛለሽ፤ ሳቄን ለመዋጥ ስታገል ሳል ያዘኝ እላለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ዓመት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ዓመቱ ግን የእኔ አልነበረም። ከአንቺ የሰረቅሁት ነበር።

በዓመቱ አጎትሽ ፈረመልሽ። ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ስትቆሚ፣ ስሜሽ መሸኘት ሲገባኝ «ስትወድቂ ወደዚህ ቤት እንዳትመለሺ» አልኩሽ። በዳዩ እኔ፣ የተቆጣሁትም እኔ! አንቺም ቃሌን አከበርሽ። አልወደቅሽም፣ አልተመለስሽም።

ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ስምሽን የጻፍሽበት ቀለም ግን አልደበዘዘም። ልፈርምበት አስቤ ተውኩት፤ ዛሬ የማንም ፊርማ አያስፈልግሽም። ብትቀጂውም ብታስቀምጪውም የአንቺ ነው።

መነሻሽም ማረፊያሽም የቀና ይሁን። ከኋላሽ የተሳፈረው ሁሉ በሰላም ቤቱ ይግባ። ክፉ አይንካሽ ልጄ።

ይህን ካነበብሽ በኋላ መልስ ባትጽፊልኝ እረዳሻለሁ። በእኔ ተናደሽ ግን ወፍራሙን እንዳትገዢ። በእጅ የሚሞላው ይሻልሻል፤ በዚህ እንኳ እመኚኝ። በሰዓት ዋሽቼሽ አላውቅም።

አባትሽ