በየማታው የሚንበረከከው መኪና

ውድ ወንድሜ ኦልጅራ፣

«የኦቦ ቢቂላ መኪና ማታ ማታ ይንበረከካል» ሲባል ከሱቅ ደጃፍ ሰማሁ። የጎረቤት ወሬ ሳላጣራ ስለማልተኛ ግቢ ቆሜ ጠበቅኩ። እውነት ነው። አባባ መኪናቸውን አስገብተው ሞተሩን ሳያጠፉ እሱ ፊቱን ዝቅ አድርጎ አፍንጫውን ከመሬት አስጠጋ። ከቤታችን ሳያስታጉል በየቀኑ የሚንበረከክ እሱ ብቻ ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ መጀመሬን ይቅር በለኝና፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? የዶሃ ሙቀት በረደልህ? ጨጓራህስ? ምሳ ትበላለህ ወይስ አሁንም በሻይ ነው የምትውለው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። በጽሑፍ ያደረግኩት ስልክ ስንነጋገር አባባ አጠገቤ ቆመው «መኪናው ደህና ነው በይው» ስለሚሉኝ ነው። እዚያው ዶሃ የምትሠራው አይናዲስ ከእረፍቷ ስትመለስ ታደርስልሃለች።

እንደምታውቀው ከጀርባዋ ቀዶ ሕክምና ወዲህ ሐኪሙ እማዬን መንገጫገጭ ከልክሏታል። ሰኔ ላይ በሚኒባስ ሂርና ደርሳ ስትመለስ ሳምንት ሙሉ ተኝታለች። ሐሙስ ሐረር ቀጠሮ አላት፤ ከልጄ መኪና በቀር በሌላ አልሄድም ብላለች። አየር ላይ ይንሳፈፋል ብለህ የላክኸው መኪና ግን ገና እንደመጣ በሞላ ፋንታ ከሚሸከሙት ከረጢቶች የፊቶቹ አየር እየወጣ እንደ ጋሪ ይደልቀን ጀመር።

መጀመሪያ መካኒኩን ዓሊዩን ጠራን። ከሥር ገብቶ ወጣና «ይሄ ሁሉ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል? ነቅዬ የጭነት መኪና ሞላ ላስገባለት፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለ። አባባ ልባቸው ተነሳ። እማዬ «ሞላው ይተርፋል፣ እኔስ?» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ቀጥሎ ሳምራ መጣች፤ ድሬዳዋ የሠራች የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። በማለዳ መጥታ መመርመሪያዋን ሰካች። መኪናው አፍንጫውን ደፍቶ ሳለ መሣሪያው ምንም ብልሽት የለም አለ። በማግስቱም ያንኑ ደገመ። ሳምራ ግቢያችን ዘቅዛቃ ነው ብላ ጠርጥራ በሳህን ውሃ ለካችው። ደልዳላ ነው። ስለ ግቢያችን የተነገረ የመጀመሪያው መልካም ነገር ይህ ይመስለኛል።

ምስጢሩን ያወጣችው እማዬ ናት፣ ያውም ስታማርር። «ሰውዬው ማታ ማታ መፍቻ ይዞ ወጥቶ ካልነካካ አይተኛም» አለች። አባባ የባትሪውን ገመድ ማታ ፈትተው ጠዋት መልሰው እንደሚያስሩ ሳያፍሩ ተናገሩ። «ከባድ መኪና ስነዳ ኖሬ ባትሪ ሳላሳርፍ አድሬ አላውቅም» አሉ። ሳምራ ጭንቅላቷን ያዘች። ለካ መኪናው ቀን መንገድ ላይ ያመመውን በኮምፒውተሩ ይይዛል፤ ማታ ባትሪው ሲያርፍ ሁሉንም ይረሳል። ጠዋት ሲጠየቅ ደህና ነኝ ይላል። የእኛ ቤት ልጅ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ባትሪው አንድ ሌሊት ሳያርፍ እንዲያድር አባባን ለመንናቸው። እሺ አሉ፤ ያላረፉት ግን እሳቸው ናቸው። ጠዋት መሣሪያው የፊት ግራውን የከፍታ መለኪያ ከሰሰ። ሳምራ ከሥር ገብታ ስታይ ገመዱ ከብረት ጋር እየተፋተገ ተልጧል። መለኪያው የመኪናው ፊት በጣም ከፍ ብሏል እያለ ይዋሻል፣ ኮምፒውተሩም አምኖት አየሩን ያስወጣል። ገመዱን ቀጥላ፣ ሸፍና፣ ከብረቱ አርቃ አሰረችው። ሞተሩ ሲነሳ መኪናው ቀስ ብሎ ከፍ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደ ቦኬ በሚወስደው ጠጠር መንገድ ጥቂት ሄደን ተመለስን፤ ፊቱን አልደፋም። አባባ «ባትሪው ሲያርፍ ስለከረመ ነው የቻለው» አሉ። አንተም ካስቸገራችሁ ሽጡት ያልከውን ተወው።

አባባ ሰላም ብለውሃል፤ የባትሪውን ነገር እንዳልነግርህም አደራ ብለውኛል። ትንሹ ወንድማችን ቦንሳ ፈተናውን አልፏል፤ ሰላም ይልሃል፣ ጫማም ይልሃል። ሳምራም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ለሐሙስ ነጠላዋን አጥባ አዘጋጅታለች። መኪናው በልኩ ሲቆም ቁመቱ ረዝሞ እግሯ አልደርስ ስላላት ከጎረቤት በርጩማ ተውሰናል።

እህትህ ፌኔት ቢቂላ
ጭሮ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.