ወንዙ ዝም ብሏል

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እንደተውከን አለን።

ዘንድሮ ክረምቱ እኛን ትቶ ላይ ተራራው ላይ ከረመ። ረስተኸው እንደሆነ፣ ሦስቱ ገባሮች ከዚያ ነው የሚነሱት፤ እዚያ ሲዘንብ የእኛ ሰማይ ጠርቶ ሳለ ደራሽ ጎርፉ ይመጣል። ስለዚህ ሰው ዛሬም አባባን ሳይጠይቅ አይሻገርም። ጎርፉ ድንጋይ ሲያንከባልል ከሩቅ ሰምቶ "ቆዩ" የሚለው እሱ ነዋ።

ባለፈው የገበያ ቀን ግን "ወንዙ ዝም ብሏል፤ ግቡ" አላቸው። እኔ ጓሮ ሆኜ ሲያጓራ እሰማዋለሁ። ጎረቤታችን አናጢው አህያውን ደራሹ ወሰደበት፤ እሱ የዛፍ ሥር ይዞ ተረፈ። አባባ "ስትንቀረፈፍ ነው" ብሎ ጭራሽ ተቆጣው።

ከዚያ ወዲህ እማማ በዚያ ጉልበቷ መሻገሪያው ድረስ አብራው ትወርዳለች። ሰዉ እሱን ሲጠይቅ እሷ ከጀርባው ሆና እጇን ታወዛውዛለች። እሱን ይጠይቃሉ፣ እሷን ያያሉ፤ እሱንም አመስግነው ያልፋሉ።

ማታ ሬዲዮኑ ቤቱን ያናጋዋል፤ እሱ ግን ባትሪው ደክሟል እያለ አዲስ ያስገዛኛል። እማማ "ወንድምሽ ቢኖር" ማለቷን አልተወችም። እኔ መኖሬ አይቆጠርም።

እማማ በናፍቆት ስማሃለች። አባባም ሰላም ብሎሃል፤ ግን ስትደውል ይቀየምሃል። "አባቱን በሹክሹክታ የሚያናግር ልጅ፣ ምን የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው?" ይላል።

እህትህ